ሳጥን ቤት ወይስ ክፈፍ ያለው? የአዲስ ቤት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ሰዎች የላካችኋቸው ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ዘመናዊ ይሁን ወይስ ባህላዊ? ሥራዬ አርክቴክትነት ነው። ስለዚህ ከቤቱ መልክ በፊት ክረምት ሲገባ ምን ይሆናል፣ ምጣዱስ የት ይጣዳል የሚለው ይቀድምብኛል። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ሰላም ኢንጂነር። 200 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ልንጀምር ነው። ባለቤቴ ጣሪያው የማይታይ፣ ሳጥን የመሰለ ዘመናዊ ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እኔ እንደ እናቴ ቤት በረንዳና ክፈፍ (ከግድግዳ ወጣ ያለ የጣሪያ ጫፍ) ያለው ነው የምፈልገው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ በባልና ሚስት መሀል አልገባም። ስለ ዝናቡ ግን ልንገርሽ።

ሳጥን ቤት የምንለው አብዛኛው ጣሪያው ጠፍጣፋ አይደለም። ፓራፔት የሚባለው ከፍ ብሎ የተገነባ ግድግዳ ከጀርባው ያው የምናውቀውን ቆርቆሮ ደብቆ ነው። ውሃው ወደ ደጅ በመውረድ ፈንታ ከፓራፔቱ ሥር ወደተዘረጋ አሸንዳ ይገባል። አሸንዳው ቤቱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲጥል ይሞላዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ የመውረጃውን አፍ ይወትፈዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ጫፍ በኩል ተመልሶ ጂፕሰሙ ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት ታያለሽ። ቀለም ቀቢ ጠርተሽ ታስቀቢዋለሽ። በሚቀጥለው ክረምት ምልክቱ ሰፍቶ ይመለሳል፣ ጂፕሰሙም ያብጣል።

የእናትሽ ቤት አሸንዳ ቢደፈን ውሃው የሚወድቀው ግቢ ነው። ከግድግዳው 60 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ክፈፍ ቀለሙንም፣ ልስኑንም፣ መስኮቱንም ከዝናብ ይከልላል። ነጭ የተቀቡ ሳጥን ቤቶች ከመስኮታቸው ሥር ጥቁር መስመር የሚያወርዱት ይህ ስለሌላቸው ነው።

ባለቤትሽ እምቢ ካለ ቢያንስ ሦስት ነገር አስደርጊው። አሸንዳው ሰው በእጁ የሚጠርገው ስፋት ይኑረው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይነስ። መውረጃው አንድ ብቻ አይሁን። ፓራፔቱ ላይም የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት፤ አሸንዳው ቢሞላ ውሃው ሳሎን ሳይሆን ግቢ ይፍሰስ። ከዚያ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መሰላል ይዞ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ማን እንደሚወጣ ከአሁኑ ተስማሙ።

መሀል መንገድም አለ። በመንገዱ በኩል ሳጥን፣ በጓሮ በኩል ተዳፋት ጣሪያና በረንዳ። ጎረቤት የእሱን ያያል፣ አንቺ የአንቺን ትቀመጪበታለሽ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ለእናቴ አዲስ አበባ ላይ ቤት እያሠራሁ ነው። ፊቱ ሙሉ መስታወት ይሁን ብያለሁ። ኮንትራክተሩ ይሞቃል ይላል። አዲስ አበባ መቼ ነው የሞቀው?

መልስ፦ ኮንትራክተርህን አመስግነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሲመሽ ደግሞ ሙቀቱ ወዲያው ይጠፋል። ሙሉ መስታወት ሁለቱንም ያባብሳል። ቀን ሹራብ ያስወልቃል፣ ማታ ጋቢ ያስደርባል።

ቤቱ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ አልነገርከኝም እንጂ ዋናው እሱ ነው። ወደ ምዕራብ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ አግድም ስለምትገባ ክፈፍም አያግዳትም። እዚያ መስታወቱን ቀንስ። ወደ ደቡብ ከሆነ ግን እድለኛ ነህ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ሌሊቱ በሚበርድበት ወቅት ሳሎኑን ቀን ቀን ታሞቅላቸዋለች። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ በዚያ ላይ ደመና አለ፣ ስለዚህ አታስቸግርም።

ደግሞም እናትህ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በመጋረጃ ይሸፍኑታል። የጎረቤት ፎቅ ቁልቁል እያያቸው ቡና አያፈሉም። በዶላር የገዛኸው መስታወት ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል። ገንዘቡን መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያቸው ምድር ላይ እንዲሆን አውለው። ደረጃ ለጉልበት ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ኦፕን ኪችን በጣም ነው የምወደው። አክስቶቼ ግን «የማድ ቤት በር የሌለው ቤት ምን ይባላል» እያሉ እየሳቁብኝ ነው።

መልስ፦ ይሳቁ፣ ግን ነጥብ አላቸው። ቁሌት ለአንድ ሰዓት ሲንተከተክ ሽታው ሶፋው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የምድጃ ጭስ መምጠጫውም የዶሮ ወጥን አይችለውም። አብዛኛው ሰው መጨረሻ ላይ የሚያደርገውን አንቺ ከመጀመሪያው ፕላን ላይ አስገቢው፦ ውስጥ ትንሽ ክፍት ኪችን ለቁርስና ለሻይ፣ ጓሮ በር ያለው ማድ ቤት ለወጥና ለእንጀራ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ማድ ቤቱን ከእልፍኙ ለይተው የሠሩት ምክንያት ስለነበራቸው ነው።

ስለ ምጣድ ኤሌክትሪሺያኑን አጥብቀሽ ያዢው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢስብ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። የተራ ሶኬት አቅም እዚያ ላይ ያልቃል። እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፣ ሽቦው ለሰዓታት ይግላል። ምጣዱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ለብቻው ይዘርጋለት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከሰል ነው። የድሮው ጭቃ ቤት በግድግዳውና በጣሪያው መሀል ክፍተት ነበረው፣ ይተነፍሳል። አዲሱ የአሉሚኒየም መስኮት ግን ላስቲክ አለው፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ክፍሉ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ቡና በከሰል የሚፈላበት ቤት ከሆነ በረንዳ ቅንጦት አይደለም። በረንዳ ከሌለ ሁሌ ክፍት የሚሆን የአየር ማስገቢያ ግድግዳው ላይ ይኑር።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ በጭቃ ዘመናዊ ቤት መሥራት ይቻላል? ሰው ሁሉ «ወደ ኋላ ልትመለስ ነው?» አለኝ።

መልስ፦ ይቻላል፣ ያምራልም። አዲስ አበባ ስትመጣ መካኒሳ አካባቢ ያለውን ዞማ ሙዚየም ሂድና እይ። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት ግድግዳ ላይ የእጅ ሥራው አንድ በአንድ ይታያል። እሱን ያየ ሰው ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ለማለት ይቸገራል።

ጭቃ ቤት ተበላሸ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከእግሩና ከራሱ ነው። እግሩ፦ የባህር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ ሲቀበር እርጥበትና ምስጥ ይበላዋል። መሠረቱን በድንጋይ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ እንጨቱን እዚያ ላይ አሳርፈው። ራሱ፦ ክፈፉን አርዝመው። የምርጊቱ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይብላላ፤ ቶሎ ቶሎ የተመረገ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ግን እባክህ አታድርግ፦ ጭቃውን ሲሚንቶ አታልብሰው። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ጭቃው ከእርጥበት ጋር ይንቀሳቀሳል። በመሀላቸው ውሃ ይታፈንና ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ማልበስ ካለብህ በኖራ ይሁን። ጎንደር ቅርብህ ናት፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩትን ግንቦች ድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ግን የከተማህን የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጠይቅ። አንዳንድ ቦታ ላይ የቁሳቁሱን ዓይነት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ቪላዬ ግቢ ውስጥ የሣር ጎጆ ልሠራ አስቤ ነበር። ይቆያል?

መልስ፦ እሳት ካልነደደበት ብዙ አይቆይም። የድሮው ጎጆ ጣሪያ ዕድሜው የሚረዝመው ከሥሩ በየቀኑ እሳት ስለሚነድ ነው። ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ጎጆ ግን ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ቁልቁለቱን 45 ዲግሪ ገደማ አድርገው፣ ሣሩንም በየጊዜው ለመቀየር ተዘጋጅ።

አርባ ምንጭ በኩል ስታልፍ የዶርዜን ቤት እይ። ከቀርከሃ የተጠለፈ ነው። እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። ቁመቱ እያጠረ ለአሥርታት ይኖራል። እኔ ኮንክሪት ላይ የጎጆ ኮፍያ ከመድፋት ይልቅ ይህን ብልሃት ብንማር ደስ ይለኛል፦ የሚበላሸው ክፍል ለብቻው እንዲጠገን አድርጎ መሥራት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ የእናቴ ወገን ሐረር ነው። ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ እንደ ሐረር ቤት መደብ ማሠራት እፈልጋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ።

መልስ፦ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ውስጥ ያለው የሐረር ቤት ሳሎን ሶፋ አያስፈልገውም። ነደባ የሚባሉት አምስት መደቦች በተለያየ ከፍታ ተሠርተዋል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው።

አምስቱንም አታስገቢ፣ ክፍልሽ አይበቃም። አንድ ወይም ሁለት ከፍታ ይበቃሻል። በሲሚንቶና በድንጋይ ግን እንዳትሞይው፤ ወለሉ ለዚያ ክብደት አልተሠራም። በእንጨት አሠሪው፣ ውስጡም ክፍት ይሁን። ብርድ ልብስና ፍራሽ ይይዝልሻል። ለጠባብ ቤት ከውጭ ከሚመጣው ሶፋ በጣም ይሻላል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ከዘመናዊውና ከባህላዊው ቤት የቱ ይረክሳል? ደግሞ በሩ ላይ አራት የሮማ ዓምድ ብጨምርስ?

መልስ፦ የመስታወት፣ የአሉሚኒየምና የክላዲንግ (የግድግዳ ማልበሻ) ዋጋ ከምንዛሪ ጋር ይወጣል። ድንጋይ፣ ሸክላ ጡብና የአምቦ ድንጋይ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚገኙት። ቀሪውን ስሌት ለአንተ ትቻለሁ። ዓምዶቹን ግን ተዋቸው። ዘመናዊም አይደሉም፣ የእኛም አይደሉም፣ መኪና ሲገባም ይገጫሉ።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ 150 ካሬ ነው ያለኝ። አባቴ «ድንኳን የማይተከልበት ግቢ ምን ግቢ ነው» ብለው ፕላኑን አልቀበልም አሉ።

መልስ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሰርግም ለቅሶም አይቀርም። 150 ካሬ ላይ ግን ቤቱን መሀል አስቀምጠህ ዙሪያውን ጠባብ ኮሪደር ካደረግከው የትኛውም በኩል ለምንም አይበቃም። ሕጉ የሚፈቅድልህን ያህል ቤቱን ወደ አንድ ጥግ ግፋው፤ ባዶው ቦታ አንድ ላይ ይሁን። የሳሎኑ በር ሰፊና ተንሸራታች ሆኖ ወደዚያ ይከፈት። የመኪና ማቆሚያውንም እዚያው አድርገው። እንግዳ ሲበዛ መኪናው ይወጣል፣ ወንበር ይገባል። ለድንኳኑ ገመድ ማሰሪያ የሚሆኑ የብረት ቀለበቶች ግድግዳው ሲገነባ አብረው ይቀበሩ፤ በኋላ ልስን ከመቦርቦር ያድናል። ፕላኑን እንደገና ስታሳያቸው የቀለበቶቹን ቦታ እሳቸው ይምረጡ።