ክብደቱን አስታውሳለሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። ሥራ ከጀመረች ገና አንድ ዓመቷ ነው። «ሲስተር፣ ዛሬ ልጇ ከሞተባት እናት ጋር አብሬ አለቀስኩ። አለቃዬ ባለሙያ እንዲህ አይሆንም ብላ ተቆጣችኝ። አጥፍቻለሁ?» አለችኝ። ማታ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ማታም አልደወልኩም። ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ ለእሷም፣ ለእናንተም ለልጆቼ።

1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በጮቄ ተራራ ሥር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ቀን በማለዳ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ወንዙ ሞልቶባቸው ሌሊቱን ማዶ ቆመው ነው ያደሩት። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ አድርጌ የልጁን የልብ ምት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ወንድ ነበር። የመጀመሪያዋ። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 3 ኪሎ ከ200 ግራም። መዝገብ ላይ ጻፍኩ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ለአማቷ ሰጠሁ። «እስቲ ልየው» አለች ከአልጋው ላይ። «ተይ የኔ እናት፣ ምን ያደርግልሻል? ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ። አታልቅሺ» አልኳት። ዝም አለች። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ጓንቴን አጠብኩና ቁርሴን በላሁ።

የጎጃም ሰው ለቅሶ ያውቃል። አዋቂ ሲሞት ሙሾ አውራጁ፣ ደረት መቺው፣ ለቅሶ ደራሹ ግቢውን ይሞላዋል። ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ግን ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። በጸጥታ ይቀበራል። ያቺን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣው ሁሉ አፉ ተያዘ። «እግዜር ያጽናሽ» የሚላትም አልመጣም።

ደም ስለፈሰሳት አቆየናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀሚሷ ከፊት ለፊት ረጥቦ አገኘኋት። ጡቷ ሞልቶ ወተት ይፈሳል። ይህን ተምሬዋለሁ። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ወተቱን ይዞት የቆየው ሆርሞን ይወርዳል፣ ወተት ይመጣል። ልጁ ይኑር አይኑር ሰውነት አይጠይቅም። እሷ ግን በነጠላዋ ልትሸፍነው እየታገለች «ሲስተር፣ እንዴት ላቁመው?» አለችኝ። ያኔ እንደሚደረገው በጨርቅ አጥብቄ አሰርኩላት። ሳስር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊቷን ላለማየት ቋጠሮውን ብቻ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሆኜ ቀረሁ። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ወረቀት እሞላለሁ። ገንፎው በቅቤ ተነክሮ ሲቀርብ፣ ሴቶቹ «ነይ እንጂ ሲስተር» ሲሉኝ «ሥራ አለኝ» እላለሁ። ስንት ገንፎ አመለጠኝ! እናንተ ገንፎው ሲመጣ ቁጭ በሉና ብሉ።

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። ሌሊት ተነስታ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር። የሞተ ወንድሟን፣ የራቀ አገሯን፣ የጎረቤት ክፉ ቃል ሳይቀር ከእህሉ ጋር ትፈጨዋለች። ሲነጋ ፊቷ የታጠበ ይመስላል። በኋላ የናፍጣ ወፍጮ ሰፈራችን መጣ። ሁላችንም ጉልበቷ አረፈ ብለን ደስ አለን። እሷ ግን «ወዴት ልሂድ?» ትል ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ካለፈች በኋላ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ገና ሳይሰማችሁ ትለጥፋላችሁ። ሰው ሲሞት የሚያለቅስ ፊት በስልክ ልካችሁ ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ። ይሄ አይገባኝም። ያም ሆኖ ያቺ ወጣት ነርስ በአንድ ዓመቷ ያደረገችውን እኔ በዕድሜዬ ሙሉ አልደፈርኩም። ደም እየፈሰሰ ግን አይለቀስም፤ እጅ መጀመሪያ ሥራውን ይጨርስ። በዚህ አለቃዋ ልክ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ምን ያስቸኩላል? አሁን እኮ ሙያው ራሱ እናትየዋ ከፈለገች ልጇን እንድታየው፣ እንድታቅፈው ይመክራል። እኔ ያኔ ከለከልኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ 3 ኪሎ ልክ። በር ላይ እልልታ ሆነ። ልጅቷን ደረቷ ላይ አስተኛሁላት። አቀርቅራ ስታያት ቆየችና «ሲስተር፣ ያኛው ማንን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። ሚዛኑን እንጂ ፊቱን አላየሁትም። «3 ኪሎ ከ200 ነበር» አልኳት፤ ሌላ የምነግራት አልነበረኝም።

«ከዚህች ይከብድ ነበር?»

«በ200 ግራም ይከብድ ነበር።»

ሕፃኗን በሁለት እጇ ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘቻት። ክብደቷን እየለካች ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ አታልቅሺ አላልኳትም። አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።