የቅርንጫፍ መስመር ዳር ሲሠራ

«የሞዴል ባቡሬ ቅርንጫፍ መስመር ዳር ዳሩ ለምን መጫወቻ ይመስላል?» ላልከው፦ ጽዳት አብዝተህ ነዋ! በእውነተኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ማለትም ከዋናው መስመር ተገንጥሎ በሚወጣው ሐዲድ ላይ፣ ባቡር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ጠጠሩ ይሳሳል፣ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፣ ሐዲዱን በተሸከሙት አግዳሚዎች መሃል አረም ይበቅላል። ስለዚህ በደንብ የተነፋ ደረቅ አፈር ከጠጠሩ ጋር ቀላቅል። መጀመሪያ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ በስሱ አርጥበው፤ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጠብታ አጠጣው። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል፣ ጠጠሩንም ያንሳፍፈዋል።

የሐዲዱን ጎን የዝገት ቀለም ቀባው። አናቱን ግን ወዲያው ጥረግ፣ አለዚያ ኤሌክትሪክ ወደ ባቡሩ አያልፍም፤ ባቡሩ ቀጥ ይላል።

ሣሩን ደግሞ አሳጥረው። በ1:87 ልኬት (ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስበት) 1 ሴንቲ ሜትር ሣር ማለት እኮ 87 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወገብ ሊደርስ!