አጎትሽ የቀየራቸው ባትሪዎች አምፖል ሲያጡ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላንሳው። በኤሌክትሮኒክስ ሌቭል 3 ጨርሰሽ ደሴ ውስጥ በአጎትሽ የጥገና ሱቅ ትሠሪያለሽ። አጎትሽ ለዓመታት የገበሬውንና የዘበኛውን የእጅ ባትሪ ሲያሻሽል ኖሯል። ሁለቱን ትልልቅ ድንጋይ ያወጣና ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም፣ ማለትም ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ፣ ይገጥማል። አሁን አምፖላቸው ሲቃጠል ወደ አንቺ ይዘው ይመጣሉ። ዕቃ መሸጫ ስትጠይቂ «ይሄ አይመጣም» ይሉሻል። አግኝተሽ የገዛሽው ደግሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «ትቼው ደመወዝ ያለው ሥራ ልፈልግ?» ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው። ቢያንስ አሁን አትተዪው። አንቺ ችግር ያልሽው ነገር ነው ሙያው። አምፖል ገዝቶ ማጥበቅ ማንም ይችላል። ሰው ለቀየረው ባትሪ የሚሆነውን አምፖል ለይቶ ማወቅ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚችለው።

እኔም ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት ጥገና ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት የሚጠብቁ ሽማግሌ ባትሪያቸውን አመጡልኝ። ሳልለካ አምፖል ቀየርኩላቸው። ሱቁ ውስጥ አበራ፣ ከፍለው ሄዱ። በማግስቱ መጡና «ልጄ፣ ሌሊቱን በጨለማ ነው ያደርኩት» አሉኝ። አልተቆጡም። ያ ነው የከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ የሰጠሁት አምፖል የለም።

ብልጭ ብሎ የሚጠፋበትን ምክንያት እንመልከት። ሁለት ድንጋይ ሲደመር 3 ቮልት ነው። ለእሱ የተሠራው የተለመደው አምፖል ፒአር 2 ይባላል፤ 2.38 ቮልት፣ ግማሽ አምፒር። አጎትሽ የገጠመው ሊቲየም ስሙ 3.7 ይሁን እንጂ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 4.2 ቮልት ይሰጣል። የክር አምፖል፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ የሚያበራው፣ ደግሞ ቮልት ሲበዛበት ዕድሜው በጣም ነው የሚያጥረው። 10 በመቶ ብትጨምሪበት ብርሃኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ዕድሜው ግን ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፒአር 2 ላይ 4.2 ቮልት ስትለቂበትማ የሆነውን አይተሽዋል።

ስለዚህ ሱቅ ሄደሽ «የባትሪ አምፖል አለ?» አትበዪ። ቮልቱን ጠርተሽ ጠይቂ። ባለ ክፈፉ፣ አንገቱ ላይ ክብ ጠርዝ ያለውና በጥርስ የማይጠብቀው፣ ከሆነ ለሦስት ድንጋይ የተሠራውን ፒአር 3 ፈልጊ፤ 3.57 ቮልት ነው። ደምቆ ይሠራል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ለአራት ድንጋይ የሚሆነው ፒአር 13፣ 4.75 ቮልት፣ ትንሽ ቢጫ ይላል፤ ብዙ ይቆያል። ለዘበኛ እኔ ይሄኛውን ነው የምሰጠው። በጥርስ የሚጠብቀው ትንሹ፣ ኢ10 የሚባለው ከሆነ ደግሞ 3.8 ቮልት፣ 0.3 አምፒር የሚል አለ። የብስክሌት ዲናሞ አምፖልም በዚያው ጥርስ ይገባል፤ ግን 6 ቮልት ስለሆነ ደብዝዞ ነው የሚበራው። የመኪና ዳሽቦርድ አምፖል 12 ቮልት ነው፣ በሱ ጊዜሽን አታጥፊ።

ቁጥሩ የት አለ ካልሽ፣ አምፖሉ አንገት ላይ፣ ናሱ ላይ ተቀርጿል። በዓይን አይነበብም። ናሱን በጨርቅ ጥረጊው፣ ወደ ብርሃን አዘንብለሽ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ አንሺው። የተቃጠለ አምፖል ከመጣልሽ በፊት ይህን አድርጊ።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው አሮጌ ሚኒ ማግላይት የያዘ ደንበኛም አይጠፋም። የሱ አምፖል ጥርስ የለውም፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ነው ያለው። ሳትጨነቂ መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን ፍቺ። ስፕሪንጉ መሃል ትርፍ አምፖል ተደብቆ ታገኛለሽ። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሳያውቁ ዓመታት ይይዙታል።

አምፖሉ ጭራሽ ከጠፋ ወደ ኤልኢዲ መሄድ ነው። የተበላሹ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎችን ሰብስቢና ኤልኢዲያቸውን አውጪ፤ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያስጠይቅልሽ። አንዷ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ነው የምትፈልገው፤ ለሊቲየሙ በትንሽ ሪዚስተር (ኤሌክትሪኩን በሚገድብ ዕቃ) ትስማማለች። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል። አጎትሽ አንዳንዱን ገልብጦ ገጥሞት ከሆነ የክር አምፖል ምንም አይመስለው፣ ኤልኢዲ ግን አይበራም። ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥዪው።

ሊቲየሙንም አደራ እልሻለሁ። መከላከያ ሰርኪዩት የሌለው ከሆነ ሳትገጥሚለት አትመልሺ። ከ4.2 በላይ ቻርጅ ከተደረገ እሳት ሊያነሳ ይችላል፤ ያ ባትሪ ደግሞ ማታ ልጆች አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ወደ አጎትሽ። «አበላሽተኸዋል» እንዳትይው። በዘመኑ ለሰው መፍትሔ የሰጠ ሰው ነው። ቡና ላይ ቁጭ በሉና «ጋሼ፣ በየትኛው ምን ገጥመሃል?» ብለሽ ጠይቂው። እሱ በቃሉ የያዘውን አንቺ በደብተር ያዢ። የባትሪው ዓይነት፣ የለካሽው ቮልት፣ የአምፖሉ አንገትና ቁጥር፣ ስንት ጊዜ ቆየ። ከባትሪው ውስጥም በትንሽ ወረቀት ቮልቱን ጽፈሽ ለጥፊ። ከአንቺ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው አይደናገርም። ለመለካቱም ዋጋ ጠይቂ። ትንሽ ትሁን እንጂ በነፃ አይሁን፤ ነፃ የሆነን ነገር ሰው ሥራ ብሎ አይቆጥረውም።

ደመወዝን አልናቅሁም። ደብተሩ የሚጠቅምሽ እዚያ ነው። የፀሐይ መብራት የሚሸጡና የሚጠግኑ ድርጅቶች የሚፈልጉት ሰው ይህን የሚያውቅ ነው። የፀሐይ ፋኖሱም ኤልኢዲና ሊቲየም ነው። ብዙዎቹ ላይ ሊቲየሙ 3.2 ቮልት የሆነው ዓይነት ነው፣ ቻርጁም ከ3.65 ማለፍ የለበትም። ልዩነቱን ቃለ መጠይቅ ላይ ብታስረጂ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲውን) ካለፍሽበት ወረቀት ጋር ደብተርሽንም ብታሳዪ፣ ባዶ ሲቪ ይዞ ከመጣው ሰው ትለያለሽ። ሌቭል 4 መቀጠልም ካሰብሽ ሱቁን ሳትዘጊ በማታው ሞክሪ። እኔ ግን መጀመሪያ ስድስት ወር ደብተሩን እንድትሞይ ነው የምፈልገው።

ያቺ ብልጭ ብላ የጠፋችው አምፖል እጅሽ ላይ ካለች አንገቷ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበሽ ላኪልኝ። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ስንት ቮልት እንዳሳየሽም ጨምሪበት። ምን እንደምትገዢ አብረን እናያለን።