ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 እንዴት ተፈጠረች? ጥያቄና መልስ

ጣራዋ ስለሚታጠፈው ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና አፈጣጠር ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ከማን መጣ?

ከአሜሪካዊው የመኪና ጋዜጠኛ ከቦብ ሆል ነው። በ1979 የጃፓኑን የማዝዳ ኩባንያ ምርምርና ልማት የሚመሩት ኬኒቺ ያማሞቶ ኩባንያው ወደፊት ምን ቢሠራ እንደሚሻል ጠየቁት፤ እሱም ቀላል፣ ዋጋዋ የማይከብድና ጣራዋ የሚገለጥ መኪና ሥሩ አላቸው። እንዲህ ያሉትን መኪኖች በብዛት ሲሠሩ የቆዩት እንግሊዞች ከገበያው እየወጡ ነበር፤ ታዋቂዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤም ጂ ቢ እንኳ በ1980 መመረት አቆመች። ወዳጆቿ ግን አልጠፉም። ሆል በ1981 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የማዝዳ ቢሮ ተቀጠረ፤ ያማሞቶም በጃፓን ሃኮኔ ተራራማ መንገድ ትራያምፍ ስፒትፋየር የተባለችውን ጣራዋ የሚገለጥ የእንግሊዝ መኪና ነድተው ሐሳቡን ወደዱት።

ጥያቄ፦ የማዝዳ የቶኪዮና የካሊፎርኒያ ቡድኖች ተፎካክረዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለእኔ የታሪኩ ወሳኝ ምዕራፍም ይህ ነው። ከቶኪዮ ሁለት ሐሳብ ቀረበ፦ አንዱ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የፊት ጎማዎቿ የሚገፉ፣ ሌላው ሞተሯ ከመቀመጫው ኋላ የተቀመጠ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሞተር ከፊት፣ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ አለ። የመጀመሪያው የቶኪዮ ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም፤ ከተራ የቤት መኪና ላይ ብዙ ዕቃ መውሰድ ስለሚያስችል ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን የፊት ጎማ መሪንም ጉልበትንም ሲሸከም የመሪው ስሜት ይደበዝዛል። በ1984 ካሊፎርኒያ አሸነፈ። የመጀመሪያዋ ተነጂ ሙከራ ዎርዚንግ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ተሠርታ በ1985 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ መንገድ ላይ ወጣች። የሥራው ፈቃድ በ1986 መጀመሪያ ተሰጠ።

ጥያቄ፦ ሞተሯ ትንሽ ነው፤ ታዲያ አነዳዷን የሚያሞግሱት ለምንድን ነው?

ምስጢሩ ክብደቷ ነው። ባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር በአሜሪካ ገበያ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ መኪናዋ ግን ከአንድ ቶን በታች ነበረች። ሥራውን የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ ሾፌርና መኪና እንደ ጋላቢና ፈረስ አንድ አካል ይሁኑ የሚል መመሪያ አወጡ፤ እያንዳንዱ ክፍል በዚህ ተመዘነ። ኮፈኑ ከአሉሚኒየም ተሠራ። የአራቱም ጎማዎች ተሸካሚ (ሰስፔንሽን) ባለ ሁለት ክንድ ሆነ፤ ይህ ውድ አሠራር ቢሆንም መኪናዋ በኩርባ ላይ ስታዘነብል ጎማው መንገዱን በሚገባ ይዞ እንዲቆይ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ የማደንቀው ካምቢዮውን ጉልበትን ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጋር አጥብቆ የሚያያይዘውን ረጅም የአሉሚኒየም ፍሬም ነው። ሁለቱ ተለያይተው ስለማይወዛወዙ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ጉልበቱ ሳይዘገይ ጎማው ላይ ይደርሳል። ገዢ በዓይኑ ለማያየው ዕቃ ይህን ያህል መድከም የእውነተኛ መሐንዲስ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የታየችው የት ነው? ዋጋዋስ?

በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት። የአሜሪካ መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። በጃፓን ዩኖስ ሮድስተር ተብላ ተሸጠች።

ጥያቄ፦ ብቅ ጥልቅ የሚሉትን የፊት መብራቶች ለምን አስቀሩብን?

ሁለተኛው ትውልድ በ1998 ገበያ ሲገባ ቀሩ። ማንሻና ሞተር ስላላቸው ክብደት ይጨምራሉ። ውበታቸው ለእኔም ይናፍቀኛል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። የኋላው ፕላስቲክ መስኮትም ያን ጊዜ በመስታወት ተተክቷል፤ ይህን ማንም አልተቃወመም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ትውልድ ከብዷል እየተባለ ይታማል። እርስዎስ?

ሐሜቱ በዝቷል ባይ ነኝ። በ2005 የወጣችው መኪና ብዙ አሠራር የተጋራችው ከትልቋ የማዝዳ ስፖርት መኪና ከአር ኤክስ-8 ጋር ነው፤ ስለዚህ ገዝፋለች፣ ሞተሯም በብዙ አገሮች ወደ 2.0 ሊትር አድጓል። የአደጋ መከላከያ ደንቦች በጠበቁበት ዘመን ግን ክብደቷን በ1,100 ኪሎ ግራም አካባቢ መያዝ ቀላል ሥራ አልነበረም። አራተኛው ትውልድ በ2014 ይፋ ሲሆን ወደ 100 ኪሎ ግራም ቀንሶ፣ በርዝመትም ከመጀመሪያዋ አጥሮ መጣ። መኪና ሁሉ በየትውልዱ በሚገዝፍበት ዘመን ይህን የሚያደርግ አምራች ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ፊያት 124 ስፓይደር የእሷ እህት ናት?

አዎ። በአራተኛው ትውልድ ላይ ተመሥርታ እዚያው በጃፓን፣ በማዝዳ የሂሮሺማ ፋብሪካ ተመርታለች፤ 1.4 ሊትር ባለ ተርቦ ሞተሯ ግን የፊያት ነው።