“ዲ አይነካም” ላሉዎት ሰው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው፤ በደንበኞች ፍላሽ በመጣ ቫይረስ ተጨናንቆ ለመነሣት እንኳን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ካርቶኑ ውስጥ የዊንዶውስ ዲስክ የለም፤ ያሉት “ሪከቨሪ” የተባሉ ሦስት ዲቪዲዎች ብቻ ናቸው። አንድ ባለሙያ “እነዚህ አይረቡም፣ ሌላ ዊንዶውስ እጭንልሻለሁ፤ ፋይልሽን ዲ ላይ አስቀምጪ፣ ዲ አይነካም” አለኝ። ልመነው? ጎረቤቴም ዲስኮቹን ለራሱ ኮምፒውተር አውሺኝ እያለኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዲስኮቹ ይረባሉ። ዲ ግን ይነካል። ሲ እና ዲ የአንዱ ሃርድ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውሱ ያለው ሲ ላይ ነው።

ሪከቨሪ ዲስክ ላፕቶፑ ከፋብሪካ በወጣ ዕለት ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረውን ሁሉ እንዳለ መልሶ የሚገለብጥ ነው፤ ዊንዶውሱን፣ የድምፅና የኔትወርክ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ እነዚህን ዕቃዎች የሚያሠራበትን ፕሮግራም)፣ ማንም ያልጠየቃቸውን የሙከራ ፕሮግራሞች ሳይቀር። ድራይቨር ፍለጋ ከመንከራተት ያድንዎታል፤ የሙከራ ፕሮግራሞቹን በኋላ ያጠፏቸዋል። ባለሙያው የለመደው ተራውን የዊንዶውስ ዲስክ ነው፤ በእርሱ ሲጫን ሲ ብቻ ተመርጦ ሊጠፋ ስለሚችል ዲ ይተርፋል። ብዙዎቹ ሪከቨሪ ዲስኮች ግን ሃርድ ዲስኩን በሙሉ ጠርገው እንደ ፋብሪካው ይከፋፍሉታል። ዲ ላይ ያለው የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፋይልዎን ከላፕቶፑ ውጭ፣ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያውጡ፤ ወደ ታደሰው ላፕቶፕ ከመመለስዎ በፊትም በጸረ ቫይረስ ያስፈትሹት፤ አለበለዚያ ያባረሩትን ቫይረስ በእጅዎ መልሰው ማስገባት ይሆናል።

ሰው የሚረሳው ፎንቱን ነው። ደንበኞችዎ ከዓመታት በፊት ያስጻፉት ውልና ማመልከቻ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ ከሆነ ጽሑፉ ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበበው የጋራ የፊደል አሠራር) አይደለም። ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ይከፈታል፤ የሚያዩት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው፤ ደንበኛውም ፋይሌን አበላሻችሁብኝ ብሎ ይጮኻል። ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ እዚያ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ከፍተው የግዕዝ ፎንቶቹን ይገልብጡ። የሌላው የአማርኛ መጻፊያ፣ የፓወር ግዕዝ፣ መጫኛም ካለዎት አብሮ ይውጣ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ 7 ጋር ስለሚመጣ አያሳስብዎት።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። ምንም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት ሦስቱንም በየተራ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከትተው የያዙትን እስከ መጨረሻው ይገልብጡ። መሐል ላይ ከቆመ ዲስኩ ተጭሯል ወይም ቆሽሿል ማለት ነው፤ ይህንን ዛሬ ማወቅ ሃርድ ዲስኩ ተጠርጎ ሦስተኛው ዲስክ አልነበብም ሲል ከማወቅ ይሻላል። ጣና ዳር ባለ ቤት ክረምቱን ያለ ሽፋን የከረመ ዲቪዲ ሻጋታ አውጥቶ አይቻለሁና ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይጥረጉት።

ከላፕቶፑ ሥር 25 ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ አለ። እየደበዘዘ ስለሚሄድ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ሪከቨሪ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅዎትም፤ ወደ ተራ ዲስክ መሄድ ግድ ከሆነ ግን ሕጋዊ ቁልፍዎ እርሱ ነው፣ ተለጣፊው ላይ የተጻፈው የዊንዶውስ ዓይነትም ሆም ፕሪሚየም ከሆነ ዲስኩም ሆም ፕሪሚየም መሆን አለበት። ቁልፍ እያለዎት ክራክ የተደረገ (ቁልፉ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰበረ) ዊንዶውስ ገንዘብ ከፍሎ ማስጫን ምን የሚሉት ነው?

ሥራው ሰዓት ይበላል፣ ላፕቶፑም ደጋግሞ ጠፍቶ ይነሣል። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይዋሱ። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋም ዲስኮቹ ስላሉ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ የሚከስሩት ጊዜ ነው። ተማሪ ለኅትመት በሚጎርፍበት ግንቦት ላይ ግን አይነካኩት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ በዚህ ዕድሜ ያለ ላፕቶፕ አያሟላም። እኔ ብሆን ይህንን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነቅዬ ለጽሕፈት ብቻ አውለው ነበር። ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን በስልክዎ ተቀብለው በገመድ ያስተላልፉ፤ የባንክ ጉዳይዎንም በዚህ ላፕቶፕ አይሥሩ። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን አውቶፕሌይንም ከኮንትሮል ፓናል ይዝጉት። የማተሚያዎ ድራይቨር ዲስኮቹ ውስጥ ስለማይኖር አስቀድመው ያዘጋጁት።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ የእርሱ ኮምፒውተር ያው ሞዴል ካልሆነ ዲስኮቹ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲጀምሩ “ይህ ኮምፒውተር አይደለም” ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ አያውሱት፤ ተጭሮ ቢመለስልዎ ምትክ የሚያገኙበት ቦታ የለም።