የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፀሐይን ፍንዳታ ከፒያሳ ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ፀሐይን በሕንፃ ጠርዝ ከልዬ በስልክ ካሜራ ባነሳ፣ ከፀሐይ የሚወረወረውን የጋዝ ደመና አገኘዋለሁ? ከተማችን ከፍታ ላይ መሆኗ አይረዳም?

መልስ፦ አያገኙትም፤ አይሞክሩትም። ፀሐይ በ2 ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ፣ ስልኩን ሲያስተካክሉ ከጠርዙ ብቅ ብላ ዓይንዎን ትጎዳለች። ደመናው የሚታየው በኮሮና፣ ማለትም ፀሐይን በከበበው ስስ ጋዝ፣ ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ የኮሮና ብርሃን ደግሞ ከፀሐይዋ ገጽ ብርሃን አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ብቻ ነው። ሕንፃው የሚከልለው ዓይንዎን እንጂ በላይዎ ያለውን አየር አይደለም። ያ አየር የፀሐይን ብርሃን እየበተነ ኮሮናውን ይውጠዋል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ትንሽ ያግዛል እንጂ አይበቃም። ኮሮናግራፍን፣ ማለትም የፀሐይን ገጽ በመጋረጃ ከልሎ ኮሮናውን የሚያሳየውን ቴሌስኮፕ፣ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1930 2,877 ሜትር ላይ ፒክ ዱ ሚዲ ተራራ ወጥቶ የያዘው ለፀሐይ የቀረበውን የኮሮና ክፍል ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽም ቀለበት ስለነበር፣ የተረፈችው ቀጭን የብርሃን ክብ ብቻዋን ኮሮናውን ለመሸፈን በቅታለች። መጋረጃው ከአየሩ ውጭ መሆን አለበት፤ ኮሮናግራፍ ወደ ጠፈር የተላከውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምማር የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ፀሐይን የሚከታተለው የጠፈር መንኮራኩር ሶሆ ያነሳቸውን ሰማያዊ ምስሎች አውርጃለሁ። የፍንዳታውን ፍጥነት እንዴት ላስላ? ሰዓቱስ ለምን አይገጥምልኝም?

መልስ፦ ሰማያዊው እውነተኛ ቀለም አይደለም፤ ላስኮ ሲ3 የተባለው የሶሆ ኮሮናግራፍ ካሜራ ምስል መሆኑ እንዲለይ የተቀባ ነው። ብርቱካናማው የሌላኛው ካሜራ፣ የሲ2 ነው። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ጥቁር ክብ መጋረጃው ሲሆን፣ በውስጡ የተሰመረችው ትንሽ ነጭ ክብ የፀሐይን ትክክለኛ መጠን ታሳያለች። መለኪያዎ እሷ ናት።

ምስሉን በላፕቶፕ ላይ ነጯ ክብ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር እስክትሆን ያሳድጉት። አሁን 1 ሴንቲ ሜትር 1,392,000 ኪሎ ሜትር ነው። በ36 ደቂቃ የሚራራቁ ሁለት ምስሎች ይምረጡና የደመናው ግንባር ከፀሐይ መሃል ያለውን ርቀት በሁለቱም ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በማስመሪያ ይለኩ። ልዩነቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 2,088,000 ኪሎ ሜትር ለ2,160 ሰከንድ ያካፍላሉ፤ በሰከንድ 967 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የሁለቱ ማጉያ አንድ ካልሆነ ስሌቱ ይበላሻል። ብዙ ተማሪ የሚስተውም እዚሁ ላይ ነው።

ሌላው ስህተት ከባድ ነው። የሚለኩት ወደ ጎን የሚሄደውን ብቻ ነው። ደመናው መጋረጃውን እንደ ቀለበት ከከበበው ወደ እኛ እየመጣ፣ ወይም ከፀሐይ ጀርባ ወደ ወዲያ እየሸሸ ነው፤ እውነተኛ ፍጥነቱም ካሰሉት በላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ኮሮናግራፉ አይለይልዎትም። በዚያው ሰዓት የተነሳውን የፀሐይ ገጽ የአልትራቫዮሌት ምስል ይክፈቱ፤ ፍንዳታው እዚያ ከታየ ከእኛ ወገን ነው።

ስለ ሰዓቱ፦ ምስሉ ላይ የተጻፈው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ይቀንሱ፤ 06:00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 02:00 ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ምስል ላይ በረዶ የዘነበ ይመስላል። ካሜራው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ነጠብጣቦቹ ከፍንዳታው ጋር የተፈተለኩ ፕሮቶን የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች የካሜራውን ሴንሰር ሲመቱት የሚፈጠሩ ናቸው። ደመናው ራሱ ምድር ለመድረስ ከአንድ እስከ አራት ቀን ገደማ ሲፈጅበት፣ እነሱ አንዳንዴ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይደርሳሉ። ለፍጥነት ስሌት ከበረዶው በፊት ያሉትን ምስሎች ይጠቀሙ። ግራና ቀኝ አግድም መስመር ያለው ደማቅ ነጥብ ካዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕላኔት ነው፤ ብርሃኑ የሴንሰሩን ፒክስል ሞልቶ ወደ ጎረቤቶቹ ሲፈስ ነው። መጋረጃውን የያዘው ዘንግ ጥላም ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ዞሮ ቢያገኙት አይደንግጡ። የሶሆ አንቴና ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለተበላሸ መንኮራኩሩ በየ3 ወሩ ይገለበጣል።