ኮክሽ አልሞተም

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ግቢሽ ያለው ኮክ አምና ክፉኛ ከተቆረጠ ወዲህ ቅጠል ብቻ ማውጣቱ አያስደንግጥሽ። ኮክ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ያ ሁሉ ተጠርጎ ወርዶ ዘንድሮ አበባ ከየት ይምጣ?

የኔንም አንድ የሰፈር ልጅ በመጥረቢያ እስከ ወገቤ አውርዶት ነበር። "ለልብስ ማስጫው ጥላ ጣለ" ብሎ! ዓመቱን ሙሉ እንደ አርጩሜ ቀጥ ያለ ለምለም ቀንበጥ ብቻ ሲያወጣ ከረመ። በዓመቱ ግን ቀላ ባሉት ቀንበጦች ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ እንቡጦች አየሁ። መሀል ያለው ቀጭንና ሹል፣ ግራና ቀኙ ወፈር ያሉ፣ ጠጉራም። ሹሉ ቅጠል ይሆናል፣ ድቡልቡሎቹ አበባ ናቸው። የአንቺንም ጠጋ ብለሽ እዪው።

እስከዚያው መሀሉን የሚያጨናንቁትን ቀንበጦች ቀንሺለት፣ ፀሐይ ይግባው። ፍግ አታብዢ፣ ቅጠሉን ነው የሚያፋፋው። ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ እንዳትቆርጪው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አዲስ የሚወጣውን ለጋ ቀንበጥ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይለበልበዋል።